አንድ ሰርቨር አቅቶን አምስት ሚሊዮን ኮደር?

«ፒፕ ኢንስቶል በሉና ጨርሱ።» ይህን የሚል መምህር በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አራት ቃል ተናግሮ የሴሚስተሩን ድርሻ የተወጣ ይመስለዋል። ተማሪው ማደሪያው ገብቶ ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁትን ኮድ) የምትጭነውን ይህችን የፓይተን ትእዛዝ ይጽፋል፤ ኢንተርን ይነካል። መስመሯ ትንቀሳቀሳለች፣ ትቆማለች፣ ደግሞ ትንቀሳቀሳለች። ከዚያ ቀይ ጽሑፍ ስክሪኑን ይሞላዋል። በማግስቱ «ቲቸር፣ ላይብረሪው አልጫን አለኝ» ሲል የሚጠብቀው መልስ የታወቀ ነው፦ «ጎግል አታደርግም? የእናንተ ትውልድ ስንፍናው በዛ።»

ሰነፉ ማን ነው? እስቲ ፊት ለፊት እንነጋገር።

ባሕር ዳር ላይ ኮምፒውተር የተማረ፣ ያስተማረ ወይም ልጁን ልኮ ያስተማረ ሁሉ አንድ እምነት ይዞ ተቀምጧል። ላይብረሪ መጫን የተማሪው የግል ጉዳይ ነው ይላል። ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ በነጻ ተቀምጧል፤ የቀረው ማውረድ ብቻ ነው፤ ማውረድ ያቃተው ወይ ሰነፍ ነው ወይ ዕድለ ቢስ። ይህ እምነት ውሸት ነው። ደግሞም ለኃላፊዎች እጅግ የተመቸ ውሸት ነው። የኬሚስትሪ መምህር «አሲዱን ከየቤታችሁ ይዛችሁ ኑ» ቢል ወላጅ ዝም ይላል? የሜካኒካል ወርክሾፕ የብየዳ ማሽኑን ተማሪው እንዲገዛ ያዝዛል? አያዝዝም። ታዲያ ኮድ የሚጽፈው ልጅ ዘንድ ሲደርስ ዕቃ ማቅረቡ የማን ዕዳ ሆነ? ብዙዎቻችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። በዲፓርትመንት ስብሰባ ላይ ግን እጃችሁን አላወጣችሁም።

ነገሩ ውስጡ ምን እንደሆነ ላሳይ። ፓንዳስ የሚባል የፓይተን ላይብረሪ አለ፤ ሠንጠረዥና መረጃ የሚነካ ሰው ሁሉ ይጠቀምበታል። ስሙን ጠርታችሁ ስትጭኑት ብቻውን አይመጣም። ነምፓይን ይጠራል። ዴትዩቲልን ይጠራል። ዴትዩቲል በተራው ሲክስ የምትባል ትንሽዬ ላይብረሪ ካልመጣች አልነሣም ይላል። የዓለም የሰዓት ቀጠና መረጃም ይከተላል። ዲፔንደንሲ የምንለው ይህን ነው። እያንዳንዱ «ከዚህ እትም በታች አልቀበልም፣ ከዚያ በላይ አልሠራም» የሚል ቅድመ ሁኔታ አለው። ከሰንሰለቱ አንዷ ካልወረደች የወረዱት በሙሉ ዋጋ የላቸውም። ሰኔ 2016 ላይ ነምፓይ 2.0 ሲወጣ በቀድሞው እትም ላይ ተጠናቅረው የነበሩ ብዙ ላይብረሪዎች እስኪታደሱ ድረስ ተሰብረው ነበር። ዓምና የሠራ የክፍል መልመጃ ዘንድሮ ቀይ ያወጣል። መምህሩ ግን ያንኑ ሃንድአውት ያከፋፍላል። የትኛው እትም እንደሚያስፈልግ አንዲት መስመር አልጻፈበትም። ሁለት የእኩልነት ምልክትና አንድ ቁጥር መጨመር ከበደው?

አሁን ወደ ሐይቃችን እንምጣ። እምቦጭ የሚባለው አረም ከ2004 ገደማ ጀምሮ ጣናን ሲወርረው የደምቢያና የፎገራ ገበሬ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። ማሽን መጥቷል፣ ዘመቻ ተጠርቷል፣ መዋጮ ተሰብስቧል። ከ2007 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ሴንቲኔል 2 የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየጥቂት ቀኑ ከላያችን ያልፋሉ። ሐይቁን በ10 ሜትር ጥራት ያነሡታል። ምስሉ በነጻ ይሰጣል። ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ደግሞ አጥብቆ ይመልሳል። ውኃ እንዲህ አያደርግም። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማስላት ብቻ እምቦጩ በየወሩ ስንት ሄክታር እንደያዘ ወደ መገመት ያደርሳል። ሒሳቡ መቀነስ፣ መደመርና ማካፈል ነው። ለአራተኛ ዓመት ተማሪ ከዚህ የተሻለ የመመረቂያ ሥራ የት ይገኛል?

ይህንኑ ሐሳብ ይዛ አንዲት ልጅ ላፕቶፗን ታቅፋ እኔ ዘንድ መጣች። «ጋሼ፣ ፕሮፖዛሌ አልፏል፤ ግን ራስተሪዮ አልጫን አለኝ» አለች። ስክሪኑን አየሁት። የሳተላይት ምስል የሚያነብበው ራስተሪዮም፣ የካርታ መረጃ የሚነካው ጂኦፓንዳስም ጂዳል የሚባል አሮጌና ግዙፍ ላይብረሪ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ፍራንክ ዋርመርዳም የሚባል ሰው በፈረንጆቹ 1998 የጀመረው ነው። ጂዳል የተጻፈው በፓይተን አይደለም፤ በሲ ፕላስ ፕላስ ነው። ለእናንተ ማሽን የተጠናቀረ ፋይል ካልተገኘ ፒፕ ምንጩን አውርዶ እዚያው ላፕቶፑ ላይ ለማጠናቀር ይነሣል። የእሷ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 7 ነበር። ዊንዶውስ 7 የሚቀበለው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው። አዲሶቹ የራስተሪዮ ፋይሎች ደግሞ ለ3.8 አይሠሩም። ለእሷ ማሽን የተጠናቀረ ፋይል ሲያጣ ፒፕ ወደ ምንጩ ሄደ። «የጂዳል እትም አልተገለጸም» አለ። ሌላ መንገድ ስትሞክር «ማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ 14 ያስፈልጋል» አለ። እሱ ራሱ ብዙ ጊጋባይት የሚወርድ ነገር ነው።

መምህሯ የሰጣት ሃንድአውት ላይ «ካልሠራ ከዚህ ገጽ አውርዱ» የሚል አድራሻ ነበር። አድራሻው የክሪስቶፍ ጎልኬ ነው። ጎልኬ ኧርቫይን ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ ለዓመታት ለዊንዶውስ ተጠቃሚ ሁሉ የተጠናቀሩ ላይብረሪዎችን በነጻ ሲያድል የኖረ ሰው ነው። አንድ ሰው! በ2014 የሚሠራበት ላቦራቶሪ የገንዘብ ድጋፍ ሲቆም ያ አገልግሎትም ቆመ። ሃንድአውቱ ግን አልሰማም። ልጅቱ የተዘጋ በር ስታንኳኳ ሰነበተች።

ከሁሉ በላይ የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። መፍትሔው ነበረ። ባለ 64 ቢት አዲስ ዊንዶውስ ላይ፣ አዲስ ፓይተን ጭነው፣ ትክክለኛዋን የተጠናቀረች (ዊል) ፋይል ቢሰጧት ጂዳል በውስጧ ታሽጎ ስለሚመጣ ራስተሪዮ በደቂቃ ውስጥ ይጫናል። ግቢው ውስጥ አንድ ደኅና ኮምፒውተርና ትክክለኛ ፋይሎች ያሉበት አንድ ፎልደር ቢኖር ኖሮ ታሪኩ እዚህ ያበቃ ነበር። አልነበረም። ልጅቱ ርእሷን ቀየረች። የሆቴል ክፍል ማስያዣ ሲስተም ሠርታ ተመረቀች። ጣና ዳር ተምራ ስለ ጣና መሥራት ተከለከለች። የከለከላት ሕግ አይደለም፤ ነገሩ የማንም ኃላፊነት አለመሆኑ ነው። ስንት የሆቴል ክፍል ማስያዣ ሲስተም መደርደሪያ ላይ አቧራ እየጠጣ እንዳለ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

«በፍላሽ ይዋዋሱ» የሚል አለ። ይዋዋሳሉ እንጂ! አዲስ አበባ ያለ የአጎት ልጅ ፋይሎቹን አውርዶ በሕዝብ ማመላለሻ ይልካል። ፍላሹ ደረሰ፤ ተከፈተ። ፋይሎቹ ለፓይተን 3.11 የተዘጋጁ ናቸው፤ የልጁ ማሽን 3.8 ነው። ወይም ላኪው ሊኑክስ ስለሚጠቀም ፒፕ የሊኑክሱን አውርዶለታል። ወይም ዋናዋ ላይብረሪ አለች፣ ዲፔንደንሲዎቿ ግን የሉም። ከዚህ ሁሉ ጋር ሾርትከት ቫይረስ በነጻ ይመጣል። ፒፕ ዳውንሎድ የምትባል ትእዛዝ እንዳለች፣ የሚፈለገውን የፓይተን እትምና ሲስተም ነግረዋት የሰንሰለቱን ቀለበት ሁሉ አንድ ላይ እንደምታወርድ፣ ከዚያም ኖ ኢንዴክስ የሚለውን ጨምሮ ያለ ኢንተርኔት ከፎልደር መጫን እንደሚቻል ለዚህ ልጅ ማን አስተማረው? አራት ዓመት ሙሉ ማን አስተማረው? ስለ ክላውድ ኮምፒውቲንግ ግን ስላይድ አይቷል።

ፓይቶርች የሚባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይብረሪ ላይ ስንደርስ ደግሞ ነገሩ ወንጀል ይሆናል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይማሩ ተብሏል፤ ጥሩ። ሊኑክስ ላይ ያለ ተማሪ ፓይቶርችን እንደ ተለመደው ፒፕ ኢንስቶል ሲለው የኤንቪዲያ ጂፒዩ (የግራፊክስ ካርድ) ላይብረሪዎች አብረው ይወርዳሉ። ከ2 ጊጋባይት በላይ ነው። የልጁ ላፕቶፕ ኤንቪዲያ የለውም! ለሲፒዩ ብቻ የተዘጋጀች፣ ከዚያ በብዙ እጥፍ ያነሰች እትም አለች፤ አድራሻዋ የራሷ ነው፤ አንዲት መስመር ትእዛዝ ላይ መጨመር ብቻ ነው። መምህሩ ያቺን መስመር ስላልጻፈ ክፍሉ ሙሉ ተማሪ የካርድ ገንዘቡን ከፍሎ ሊጠቀምበት የማይችለውን ዕቃ ያወርዳል። የሚያወርደውም በግማሽ ተቋርጦ ከዜሮ እየጀመረ ነው። ቤተሰቡ ቡና ሸጦ፣ በግ ሸጦ የላከው ብር ነው። ይህን የሚያህል ግድየለሽነት በሌላ ሙያ ቢፈጸም ስሙ ምን ይባል ነበር?

«ጥፋቱ የኔትወርኩ ነው» ትሉኛላችሁ። ነው። እኔም እላለሁ፤ ከእናንተ ይልቅ ጮክ ብዬ እላለሁ። ሰኔ 15 ቀን 2011 በዚህች ከተማ ደም ከፈሰሰ በኋላ ኢንተርኔት ጠፋ። በ2012 ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የሚባል ስትራቴጂ ጸደቀ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ 23 መላ አገሪቱ ላይ ኢንተርኔት ተዘጋ፣ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፤ ለወራት ተዘግቶ ከረመ። ዓመት ሊሞላው ቀናት ሲቀሩት፣ ሐምሌ 16 ቀን 2016፣ መንግሥት ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር ሆኖ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ፕሮግራም በይፋ አስጀመረ። ኦንላይን ነው። በሌላው ከተማ ያለ ወጣት ስልኩን ከፍቶ ይመዘገባል። ዳታው ለወራት የተቆረጠበት ወጣት ከማን እኩል ጀመረ ይባልለት? በአንድ እጅ ሽቦውን እየነቀሉ በሌላው እጅ ሰርተፊኬት መዘርጋት ምን የሚሉት ፖሊሲ ነው? ኮደር የሚቆጠረው በተሰጠ ሰርተፊኬት ከሆነ አምስት ሚሊዮን ቀላል ነው። በሚሠራ ፕሮግራም ከሆነ ግን ልጁ መጀመሪያ ላይብረሪ መጫን አለበት።

ይህን ከተባባልን በኋላ የኛንም ጉድ እንነጋገር። ኔትወርክ መጥፋቱ ለኛ ምክንያት የሚሆነው እስከ መቼ ነው? በ2011 ጠፋ። በ2012 ጠፋ። በ2015 ጠፋ። በሦስቱ መሀል ኔትወርክ ያለበት ብዙ ወር ነበር፤ ምን አስቀመጥን? ገበሬ ክረምት እንደሚመጣ ስለሚያውቅ በበጋ ጎተራውን ይሞላል፤ ዝናቡ መንገድ ሲዘጋ ገበያ ባይሄድም ቤተሰቡ ጦሙን አያድርም። ኮምፒውተር ሳይንስ ዲፓርትመንት ውስጥ ዶክተር ተብሎ የተቀመጠ ሰው ይህን የገበሬ ጥበብ እንዴት አጣው? ኔትወርኩ የሚጠፋበት አገር ውስጥ መኖራችን ማከማቻ ላለመሥራት ሰበብ ሊሆን አይችልም። ማከማቻ ለመሥራት ትልቁ ምክንያት ራሱ እሱ ነው!

ከባድ ነው እንዳትሉኝ። ዴቭፒአይ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ። ግቢው ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ላይ ትጭኑታላችሁ። የመጀመሪያው ተማሪ ፓንዳስን ሲጠይቅ ከውጭ አምጥቶ ይሰጠዋል፤ ቅጂውን ያስቀራል። ሁለተኛው፣ መቶኛው፣ ሺኛው ተማሪ ከግቢው ውስጥ ያገኘዋል። ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ጉዳዩ አይደለም። ባንደርስናች የሚባልም አለ፤ የመረጣችሁትን ላይብረሪ ሁሉ አስቀድሞ ገልብጦ ያስቀምጣል። የፓይተን ላይብረሪዎች ሙሉ ክምችት ከ20 ቴራባይት በላይ ነው፤ ያ ሁሉ አያስፈልገንም። ለኮርሶቻችን የሚያስፈልጉት ጥቂት መቶዎቹ ናቸው። ሁለት የፓይተን እትም፣ ለዊንዶውስና ለሊኑክስ፣ ባለ አንድ ቴራባይት ዲስክ ላይ ገብተው ቦታ ይተርፋል። ዲስኩ ስንት ነው? ለአንድ ቀን ወርክሾፕ ባነር፣ ኮፍያና የሻይ ሰዓት ከሚወጣው ያንሳል። የኮፍያውን በጀት የፈረመው እጅ ለዲስኩ ሲሆን ለምን ይንቀጠቀጣል? መልሱን ልንገራችሁ። ሰርቨር ሪባን አይቆረጥለትም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይሠራል፤ ማንም አጠገቡ ቆሞ ፎቶ አይነሣም።

ቤጂንግ የሚገኘው ቺንኋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቱና የሚባል የተማሪዎች ማኅበር አለ። የፓይተን ላይብረሪዎችን፣ የሊኑክስ ሥርጭቶችን፣ ሌላም ብዙ ነገር ገልብጠው አስቀምጠዋል፤ ስፍር ቁጥር የሌለው የቻይና ፕሮግራመር ፒፑን ወደ እነሱ አዙሮ ይጠቀማል። ሚኒስቴር አላቋቋመውም። ተማሪዎች ናቸው። የኛ ተማሪ ከእነሱ በምን ያንሳል? አያንስም። ልዩነቱ እዚያ የሰርቨር ክፍሉ ቁልፍ ለተማሪ መሰጠቱ ነው። እዚህ ቁልፉ ያለው ስብሰባ ላይ ያለ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። የአገራችንን ዩኒቨርሲቲዎች እርስ በርስ የሚያያይዝ የትምህርትና ምርምር ኔትወርክም አለን። አንዱ ግቢ የገለበጠውን ሌላው ግቢ በዚያ መስመር ቢወስድ ምን ይከለክላል?

«ጎግል ኮላብ አለ፤ ምንም መጫን አያስፈልግም» የሚሉኝን ደግሞ አልታገሣቸውም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ኮላብ እያንዳንዷን መስመር የሚያሠራው ግንኙነቱ እስካለ ድረስ ነው፤ ሲቋረጥ ቆይቶ ክፍለ ጊዜው ይዘጋል፣ የጫናችሁት ሁሉ ይጠፋል፣ በማግስቱ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ኔትወርክ የለም ላለ ሰው ኔትወርክ የሚፈልግ መፍትሔ መስጠት ምክር ነው?

«የተቀመጠ ቅጂ ያረጃል፤ አዲሱን እትም ማን ያገኛል?» የሚልም አለ። ያርጅ! ሁሉም ተማሪ ላይ እኩል የሚሠራ የስድስት ወር አሮጌ እትም፣ ለማንም ካልወረደ የዛሬ እትም ይበልጣል። የደኅንነት ጉድለት ሲገኝ የሚታደሰውን መርጦ ማደስ ደግሞ አንድ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው የሚሠራው ሥራ ነው። ደግሞስ አዲስ የሆነ ሁሉ ደኅና ነው ያለው ማን ነው? መጋቢት 2016 ላይ ኤክስዚ የሚባል፣ ሊኑክስ ሁሉ የሚጠቀምበት የፋይል መጭመቂያ ላይብረሪ ውስጥ የጓሮ በር ተገኘ። የተደበቀው አዲሶቹ እትሞች ውስጥ ነበር። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር ነው፤ የሰርቨር መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበትና «ለምን?» ብሎ ጠየቀ። መጋቢት 2008 ላይ ደግሞ አዘር ኮቹሉ የሚባል ፕሮግራመር ከድርጅት ጋር ተጣልቶ ሌፍትፓድ የምትባለውን ላይብረሪውን የጃቫስክሪፕት ላይብረሪዎች ማከማቻ ከሆነው ከኤንፒኤም ላይ አነሣት። አሥራ አንድ መስመር ኮድ! በሺዎች የሚቆጠሩ የዓለም ፕሮጀክቶች በዚያች ሰዓት አልጠናቀር አሉ። ከዚህ የተማሩ ትልልቅ ኩባንያዎች የሚጠቀሙባቸውን ላይብረሪዎች ቅጂ በየቤታቸው ያስቀምጣሉ፤ እትሙን ይቆልፋሉ፤ የፋይሉን አሻራ (ሐሽ) ይመረምራሉ። እንግዲህ ፈጣን መስመር ያለው ያስቀምጣል፤ መስመር የሌለው አያስቀምጥም። ይህን የሚያስረዳኝ አለ?

«ተማሪ ይልፋ፤ መልፋት ያስተምራል» ከሚለው ግን ይሰውረኝ። ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ውጭ አገር ተምረው የመጡ ናቸው። እዚያ ሳሉ የዩኒቨርሲቲው መስመር ላይብረሪውን በሰከንዶች ይጭንላቸው ነበር፤ የላብ ቴክኒሺያኑ ማሽኑን አዘጋጅቶ ይጠብቃቸው ነበር። እነሱ ሳይለፉ የተማሩትን እኛ ለፍተን እንድንማር ማን ፈረደብን? ደግሞስ የሚለፋው ማን ነው? አባቱ ገንዘብ ያለው ልጅ አይለፋም፤ ቤቱ ዋይፋይ አለው ወይም ጣና ዳር ካለ ሆቴል ቡና አዝዞ ከሰዓቱን ሙሉ ያወርዳል። የሚለፋው ከገጠር የመጣው ነው። የምትለፋው ሴቷ ናት፤ መስመሩ የሚፈጥነው ሌሊት ነው፣ እሷ ደግሞ ከሆቴል በረንዳ በሌሊት ብቻዋን ባጃጅ ይዛ መመለስ አትችልም። ይህ ልፋት የሚያስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማን ባለቤት፣ ማን እንግዳ እንደሆነ።

ከዚያ የሚከተለውንም እናውቃለን፤ አፍ አውጥተን አንናገረውም እንጂ። ሞዴሉን ማሠራት ያልቻለው ተማሪ ውጤት ሳይዝ ዲፌንስ አይገባም። ማስረከቢያው ቀን ደርሷል። ስለዚህ ሠንጠረዡን ራሱ ይሞላዋል። ትክክለኛነት 94 በመቶ፣ 96 በመቶ፤ የሚያምር ቁጥር ይመርጣል። ፈታኙ ኮዱን አያሠራውም፤ የእሱም ማሽን ላይ ላይብረሪው የለማ! ያጨበጭባል። ልጁ ዋሽቶ ተመረቀ፤ መዋሸት እንደሚያዋጣም ተማረ። ነገ ባንክ ገብቶ፣ ሆስፒታል ገብቶ ሲስተም ይሠራል። «የትምህርት ጥራት» ስብሰባ ላይ ያለቀሳችሁ ሁሉ፣ ጥራቱ የሞተው እዚህ ጋ ነው። አልተጫነም የሚለው ቀይ መስመር ላይ ነው።

የራሳችንን ላይብረሪዎች እንኳ አላስቀመጥንም። ማይክል ጋሰር የሚባል አሜሪካዊ ምሁር አማርኛን፣ ትግርኛንና ኦሮምኛን ቃል በቃል ፈልፍሎ ሥሩንና ቅጥያውን የሚለይ ሆርንሞርፎ የተባለ የፓይተን ላይብረሪ ከሠራ ዓመታት አለፉ። ሰይድ ሙሂዬ ይማም አምሴግ የተባለ የአማርኛ ጽሑፍ መከፋፈያ አዘጋጅቶ በነጻ አውጥቷል። የእኛው ቋንቋ ነው። ስለ ቋንቋው ክብር በየመድረኩ የሚዘመርባት ከተማ ውስጥ ተቀምጦ እነዚህን ሁለት ዕቃዎች ለተማሪው ያለ ኢንተርኔት የሚሰጥ ፎልደር ማዘጋጀት እንዴት ያቅታል? ግንቦት 2011 ላይ ስለ አፍሪካ ልማትና ቴክኖሎጂ የሚመክር ዓለም አቀፍ ጉባኤ ባሕር ዳር ላይ ተካሂዷል። መስከረም 2008 ላይ ከተማዋ ከዩኔስኮ የሚማሩ ከተሞች ሽልማት ተቀብላለች። ሽልማቱን ተቀብለናል። አሁን ለልጆቹ የሚማሩበትን ዕቃ ስጡ!

ሌላው ይቅር፤ እዚህ ሐይቅ ላይ የተወለደ ሰው ቅጂ የማስቀመጥን ነገር ከማንም መማር አያስፈልገውም ነበር። ክብራን ገብርኤልን፣ ዳጋ እስጢፋኖስን ተሻግራችሁ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። መጻሕፍቱ ዛሬ የተገኙት ቁም ጸሐፊ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ከሩቅ ደብር የመጣውን መጽሐፍ ገልብጦ ለቤቱ ስላስቀረ ነው። ጦርነት ሲመጣ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ የየብሱ ሲቃጠል፣ ደሴቱ ላይ ቅጂ ነበረ። አንዱን መጽሐፍ ለመገልበጥ ወራት ፈጅቶበታል። እኛ በአንድ ትእዛዝ የሚገለበጠውን አልገለበጥንም።

ስለዚህ ከስብሰባ ውጭ የሚሠራ ነገር እጠይቃለሁ። መጪው ምዝገባ ሳይጀምር እያንዳንዱ መምህር የኮርሱን ላይብረሪዎች ከነእትም ቁጥራቸው በአንድ ፋይል ጽፎ ያስረክብ፤ ንጹሕ ማሽን ላይ ራሱ ጭኖ ሞክሮ። ሞክሮ ያላሠራውን ለተማሪ አይስጥ። ያልቀረበ ዕቃ ላይ ዜሮ የሚሰጥ መምህር ዲን ፊት ቀርቦ ምክንያቱን ይናገር። ዲፓርትመንቱ ዴቭፒአይን ላብ ውስጥ ይትከል፤ ለሦስት ተማሪዎች ኃላፊነቱን ይስጥ፤ ስማቸውን በር ላይ ይለጥፍ። የግቢው ዋይፋይ በማይደርስበት ዶርም ላለው ልጅ ዲስኩን እያዋሰ ያስገልብጥ።

በጀት የለም የምትሉ ከሆነ ዲስኩን እኔ እገዛለሁ፤ አውርጄ፣ ሞልቼ፣ ሊኑክስም ዊንዶውስም ላይ ፈትሼ አመጣለሁ። ከእናንተ የምፈልገው የላቡን ቁልፍ የያዘው ሰው ማን እንደሆነ እንድትነግሩኝ ብቻ ነው። ሰኞ በሁለት ሰዓት በሩ ላይ እጠብቀዋለሁ።